የተበተነ የጡረተኞች ማኅበር እንዴት እንደገና ይሰበሰባል?

በመጋቢት 2012 አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገኝ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስብሰባ ቀረ፣ ቀብርና ልቅሶ እንኳ በጥቂት ሰው ብቻ የሚፈጸም ሆነ። የእኛ የዩኒቨርሲቲ ጡረተኞች ወርኃዊ መገናኘት የተቋረጠውም ያኔ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የቆየው አምስት ወር ሲሆን የእኛ መበተን ግን ዓመታት ፈጀ። ዕድሮች ድንኳናቸውን መልሰው ተክለው፣ ሠርጉም በየአዳራሹ ደምቆ ሳለ፣ እኛ አሁንም በቴሌግራም አበባ የተሣለበት «መልካም ሰንበት» እየተላላክን እንኖር ነበር።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሬጅስትራር ውስጥ ነው፤ ስም መመዝገብ፣ ስም ማጣራት፣ የጠፋ ስም መፈለግ። ማኅበሩን በአካል የማሰባሰቡ ሥራ እኔ ላይ የወደቀው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። አሁን በየወሩ ስድስት ኪሎ አካባቢ እንገናኛለን። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጡረተኞችም «እንዴት አድርጋችሁ ነው?» የሚል ጥያቄ ስለሚበዛብኝ፣ ለእያንዳንዱ በስልክ ከምዘረዝር አንድ ጊዜ ልጻፈው።

ሰው ለምን እንደቀረ ሳታውቁ አዳራሽ አትከራዩ

የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ አዳራሽ ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ አዳራሽ ይታያል፣ ዋጋ ይጠየቃል፣ ጥሪው ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ «እሺ፣ እንገናኛለን» የሚል መልስ ይጎርፋል፤ በዕለቱ ግን ወንበሩ ባዶውን ይውላል። ኮሚቴውም «ጡረተኛው በሽታ ፈርቷል» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

በሽታ የሚፈሩ አሉ፤ መፍራታቸውም ትክክል ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ። አብዛኛውን ሰው ግን ቤቱ የሚያስቀረው ይሉኝታ ነው። በእነዚያ ዓመታት የባልደረባው ሚስት ሞታለች፤ ልቅሶ አልደረሰም። በመጀመሪያ ክልከላው ያዘው፣ ቀጥሎ «አሁንማ ዘገየሁ» አለ፣ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ «በምን ዓይኔ አየዋለሁ» ላይ ደረሰ። ዘመናቸውን በአንድ ኮሪደር ያሳለፉ ሁለት ሰዎች እንዲህ ሆነው በየቤታቸው ተቀምጠዋል። ሐዘንተኛው በበኩሉ «ዞር ብሎ ያላየኝ ሁሉ» ብሎ ተቀይሟል። እነዚህን ሁለቱን የቱንም ያህል ያማረ አዳራሽ አያገናኛቸውም።

ሌላው ይሉኝታ የገንዘብ ነው። የወር መዋጮው በወረቀት ላይ ሲጠራቀም ኖሯል። የጡረታ ገንዘብ ደግሞ ከገበያው ጋር አብሮ አይሮጥም። ውዝፉን አስቦ፣ ኮቱንም አይቶ የሚቀር ሰው አለ፤ ምክንያቱን ግን በጭራሽ አይነግራችሁም። «ጉልበቴን አሞኛል» ይላችኋል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከስልክና ከደብተር ነው።

ደብተሩ

ኮምፒውተር የሚችል ሰው ካላችሁ በኤክሴል ቢያዘጋጀው አልቃወምም። እኔ ግን ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር እመርጣለሁ፤ መብራት አይጠይቅም፣ ሲደወልም ዳር ዳሩ ላይ ይጻፍበታል። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ስጡ። ስም፣ ይሠራበት የነበረው ክፍል፣ ስልክ፣ የቅርብ ቤተሰብ ስልክ፣ አሁን የሚኖርበት ሰፈር፣ የሚሳፈርበት የታክሲ መስመር፣ የመስማትና የመራመድ ችግር ካለበት እሱም፤ ከሁሉ በታች ደግሞ በእነዚህ ዓመታት የሞተበት ሰው። ይህች የመጨረሻዋ መስመር ከሌለች ደብተሩ የስልክ ማውጫ ብቻ ነው።

ሰፈሩን እንደ አዲስ ጠይቁ። የድሮው ዝርዝር አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ይላል። በ2016 ፒያሳና ዙሪያው ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል፤ ከዚያ በፊትም የጋራ መኖሪያ ቤት የደረሳቸው የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ ኮዬ ፈጬ ገብተዋል። በ011 የሚጀምረው የቤት ስልክ ከቤቱ ጋር ቀርቷል። ቁጥሩ የጠፋባችሁን ሰው በልጆቹ፣ በቀድሞ ጎረቤት፣ በንስሐ አባቱ ወይም በመስጊዱ በኩል ታገኙታላችሁ። እኛ አንድ የቀድሞ የመጻሕፍት ጠራዥ ባልደረባችንን ያገኘናቸው ጫማቸውን ሁልጊዜ በሚጠርግላቸው ልጅ በኩል ነው።

ስልኩ

ደዋዩ ሰውየው የሚያውቀው ይሁን። ጸሐፊ የነበረች ለጸሐፊዎች፣ የላቦራቶሪ ሰው ለላቦራቶሪ ሰዎች፣ ጥበቃ የነበረ ለጥበቃዎች ይደውል። የኮሚቴ ሊቀ መንበር ሲደውል መዋጮ ሊጠይቅ የመጣ ይመስላል። ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ያለው ነው። ከምሳ በኋላ ሁላችንም ሸለብ ያደርገናል። በማለዳ ደግሞ ፈጽሞ አትደውሉ፤ በእኛ ዕድሜ ማለዳ የሚጮኽ ስልክ መርዶ ነው።

«እገሌ ደህና ናቸው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ስልኩን ያነሳችው ልጃቸው ልትሆን፣ እሳቸውም አርፈው ሊሆን ይችላል። «ከዩኒቨርሲቲ፣ የድሮ ባልደረባ ነኝ፤ ቤተሰቡ እንዴት ነው?» በሉና ዝም በሉ። አርፈዋል ካሏችሁ «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፤ የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ «አላህ ይዘንላቸው፣ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብላችሁ መቼ እንዳረፉና የት እንደተቀበሩ ጠይቁ፤ ጻፉት። በዚያ ጥሪ ስለ ስብሰባው ቃል አትተንፍሱ። ለሟች ባለቤት በሌላ ቀን ይደወላል። በእኛ ማኅበር የሟች ባል ወይም ሚስት አባልነቱን ይዘው ይቀጥላሉ፤ ይህን ከመጀመሪያው ብትወስኑ ብዙ ሰው ብቻውን ከመቅረት ይድናል።

የምትፈልጓቸው ሰው ራሳቸው ስልኩን ካነሱ ደግሞ አትቸኩሉ። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ስኳራቸው፣ አሜሪካ ስላለው ልጃቸው፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ። አድምጡ፤ የምትፈልጉት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ጉልበት ያሉ ደረጃ አይችሉም። ስኳር ያሉ የምግብ ሰዓታቸው አይዛነፍም። «ምን አልከኝ? ምን አልከኝ?» ያሉ ጆሯቸው ደክሟል፤ ከድምፅ ማጉያው ፊት ለፊት ሳይሆን ከሚያውቁት ሰው ጎን መቀመጥ አለባቸው።

ከመሰናበታችሁ በፊት ሦስት ነገር ግልጽ አድርጋችሁ ንገሯቸው፤ ውዝፍ የለብዎትም፤ ልቅሶ ያልደረሱበት ካለ አብረን እንሄዳለን፤ የሚያመጣዎት ሰው ከሌለ በእርስዎ መስመር የሚመጣ ባልደረባ አለ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ታውቁታላችሁ። «እ... እስቲ መቼ ነው አልከኝ?» ይላሉ።

ውዝፍ የለም ለማለት ኮሚቴው አስቀድሞ መሰረዝ አለበት። «መርህ መርህ ነው፣ ይከፈል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜም ሒሳብ ክፍል የነበረ ሰው ነው። አክብራችሁ አዳምጡትና ውዝፉን ሰርዙ።

ዘግይቶ ልቅሶ መድረስ

ይህ የሥራው ልብ ነው። ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ባሉት ሳምንታት፣ ሐዘን ያገኘው አባል ሁሉ ቤቱ ሊጎበኝ ይገባል። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ፣ በሰፈር በሰፈር ተከፋፍላችሁ ሂዱ። ከቡድኑ አንዱ ያ «በምን ዓይኔ» የሚለው ሰው እንዲሆን አድርጉ። ብቻውን አይሄድም፤ ከሌሎች ጋር ግን ይሄዳል።

ለልጃቸው ደውላችሁ ቀን ያዙ። ባዶ እጅ እንዳይሆን ዳቦ ወይም ብርቱካን ይበቃል፤ የገንዘብ ፖስታ ግን ለማኅበሩ ተዉት፤ ግለሰብ ሲሰጥ ሌላው ያልሰጠ ይሸማቀቃል። ስትገቡ ምክንያት አትደርድሩ። ክልከላውን ሐዘንተኛውም ኖሮበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለፈውን ጊዜ ደግሞ ማንም ማስረዳት አይችልም። «ዘግይተናል፤ ይቅር በሉን፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላችሁ ተቀመጡ። ፎቶግራፉ ከግድግዳ ወርዶ ይመጣል። ተቀብላችሁ በደንብ እዩት እንጂ እያሳለፋችሁ አትስጡ። ስለ ሟች የምታውቁትን አንድ ነገር ተናገሩ፤ ለዓመት በዓል የላኩላችሁን ድፎ ዳቦ፣ በስልክ ሲመልሱ የነበረውን አነጋገር፣ ምንም ይሁን። «ጥሩ ሰው ነበሩ» ማለት ብቻውን ለማንም አይጠቅምም።

አራት ኪሎ በሳይንስ ክፍል አብረው የኖሩ ሁለት ባልደረቦች ነበሩን። አንደኛው የሌላኛውን ባለቤት ልቅሶ ሳይደርስ ቀርቶ ስልክ እንኳ ማንሳት ትቶ ነበር። ከመካከላችን አስገብተን ወሰድነው። በሩ ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ ወደ ውስጥ አይገባም፣ አይመለስም። ሐዘንተኛው ከተቀመጡበት ቀና ብለው አዩት፤ ቡና እየተፈላ ነበር። «በረካ ላይ ደረስክ አይደል?» አሉት። ገብቶ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ በእጃቸው ትከሻውን ያዙት። ሁለቱም አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን፤ ቀጥሎ ስለ አንድ የተሰበረ ሚዛን መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ ማን እንደሰበረው እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በሚቀጥለው ወር አንድ ታክሲ ተሳፍረው መጡ።

ሲሸኟችሁ በሩ ላይ «ሐሙስ እንመጣና አብረን እንሄዳለን» በሉ። መጋበዣው ይኸው ነው፤ የታተመ ካርድ አያስፈልግም።

ቀንና ሰዓት

ቅዳሜና እሑድን ተዉት፤ የዕድር፣ የሠርግ፣ የቤተ ክርስቲያንና የልጅ ልጅ ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዓርብ ለሙስሊም አባሎቻችን የጁምዓ ቀንም ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይቀራል። እኛ ሐሙስን ያዝን፤ ቀጥሎ የመጣው ክርክር የትኛው ሐሙስ የሚለው ነበር። የወሩን በዓላት ደረደርናቸው። ሦስተኛው ሳምንት 16 ኪዳነ ምሕረትን፣ 19 ገብርኤልን፣ 21 ማርያምን ይዟል። አራተኛው 23 ጊዮርጊስን፣ 24 ተክለ ሃይማኖትን፣ 27 መድኃኔዓለምን፣ 28 አማኑኤልን። ጽዋ ያለበት ሰው በእነዚህ ቀናት አይገኝም። በመጀመሪያው ሳምንት ልደታ፣ አቦና ሥላሴ አሉ። ሁለተኛው ሳምንት ከሚካኤልና ከአቡነ አረጋዊ በቀር ቀለል ይላል፤ የጡረታውም ገንዘብ ገና ጨርሶ አላለቀም። ስለዚህ ሁለተኛው ሐሙስ።

መሃል ከተማ ለሚሰበሰብ ግን ሁለት ወር ይለያል። ጥር ላይ ከዋዜማው ጀምሮ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ስለሚወርዱ በጥምቀትና በማግስቱ ስድስት ኪሎን በመኪና ማለፍ የማይታሰብ ነው። የካቲት 12 ደግሞ በ1929 የተጨፈጨፉት ሰማዕታት በሐውልቱ ሥር የሚታሰቡበት ቀን ነው። በሁለቱ ወራት ስብሰባውን ወደ ሦስተኛው ሳምንት አዛውሩት። የአድዋ በዓልና የአራት ኪሎው ሚያዝያ 27 ወደ ወሩ መጨረሻ ስለሆኑ ሁለተኛውን ሳምንት አይነኩም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 እስከ 7 ይሁን። ከ4 በፊት የሠራተኛው ግፊያ ታክሲ አያስይዝም፣ የጥቅምትና የኅዳር ጠዋትም አጥንት ይሰብራል። ከ7 በኋላ ብትቆዩ ደግሞ በበልግም በክረምት መግቢያም ዝናብ ያገኛችኋል፤ የማታውም ሰልፍ ይጀምራል።

ቦታውን በዱላ ተመልከቱት

ሁሉም የሚፈልገው የድሮውን ግቢ ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ለዩኒቨርሲቲው ከተሰጠ ወዲህ በዚያ ግቢ ያላረጀ የለም፤ ናፍቆቱ ይገባኛል። ይሁንና ናፍቆት ደረጃ አያወጣም። የትም ይሁን የት፣ ቦታውን የሚያየው ኮሚቴ ውስጥ ዱላ የሚይዝ ሰው ይኑርበት። እኔ ደረጃ እየዘለልኩ አይቼ «ምቹ ነው» ብል ዋጋ የለውም። ዱላ የያዙት ባልደረባችን ግን ገና በር ላይ «መደገፊያው የታለ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ምድር ቤት ይሁን። ሊፍት አለ የሚባለውን አትመኑ፤ መብራት ሲጠፋ ፎቅ ላይ የቀረ ጡረተኛ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ወንበሩ ክንድ ማሳረፊያ ይኑረው፤ ከሌለው ተነስቶ መቆም ጭንቅ ነው። መጸዳጃ ቤቱ መቀመጫ ያለው መሆኑን እዩ፤ ውኃ መኖሩን ቧንቧውን ከፍታችሁ አረጋግጡ፤ ቁልፉ ማን ጋር እንደሆነም ጠይቁ። ቁልፍ የያዘው ሰው ምሳ የሚወጣበት ሰዓትና እኛ የምንፈልገው ሰዓት አንድ ነው፤ ይህ እንደ ሕግ የጸና ነው። ወለሉ እብነ በረድ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ ደግሞ ለዓይን ያምራል እንጂ ድምፅ እያስተጋባ ጆሮ የደከመውን ሰው ጨርሶ ያገልለዋል። ለእኛ ምንጣፍና መጋረጃ ያለው ጠባብ ክፍል ይሻለናል።

በግቢ ውስጥ ከሆነ የተሰብሳቢውን ስም ዝርዝር ከአንድ ቀን በፊት ለበር ጥበቃ ስጡ፤ በዕለቱም ከማኅበሩ አንድ ሰው በሩ ላይ ይቁም። በየትኛውም ተቋም በር ላይ ያለው ወጣት ሥራውን ነው የሚሠራው፤ እኛን ሊያውቀን አይችልም። ነገር ግን የክፍል ኃላፊ የነበሩ ሰው «አባት፣ ወዴት ነው? መታወቂያ?» ሲባሉ ከዚያው ተመልሰው የሚሄዱበት ጊዜ አለ። አንድ የሚያውቃቸው ፊት ቢኖር «ኑ፣ በዚህ በኩል» ብሎ ያሳልፋቸዋል።

አቅጣጫ ስትነግሩ በድሮ ሱቅና በድሮ ታክሲ ተራ አትንገሩ። መንገዱ ሰፍቷል፣ ፌርማታው ተዛውሯል፤ ለዓመታት ወደ መሃል ያልመጣ ሰው ፒያሳ ላይ ወርዶ የት እንዳለ ይጠፋዋል። የሰማዕታት ሐውልቱን፣ የካቲት 12 ሆስፒታልን፣ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየሙን ምልክት አድርጉ። እነሱ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

በሽታ ለሚፈሩት የማደርገው ይህን ነው። መስኮቱ በአንድ ወገን ክፍት ይሆናል፤ በዚያ በኩል ጋቢ የለበሱ ይቀመጣሉ። ጭምብል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የፈለገ ያደርጋል፤ ማንም አስተያየት አይሰጥም። በር ላይ የሚቀበለው ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ መሳም የፈለገ ራሱ ይቀርባል፤ ያልፈለገም ሳይቀየም ያልፋል። ጉንፋን የያዘው ቤቱ ይቀራል፤ ከአዳራሹም ተደውሎለት ሁሉም በየተራ ሰላም ይለዋል።

በታክሲ መስመር መቀመጥ

እዚህ ላይ ጠንከር በሉ። የክብር ጠረጴዛ፣ መድረክ፣ የክብር እንግዳ አይኑር። ሰውን በነፃነት ብትተዉት ፕሮፌሰሮቹ ከፊት፣ ጸሐፊዎቹ ከመሃል፣ የጽዳትና የጥበቃ ባልደረቦች በበሩ አጠገብ ይደረደራሉ፤ ልክ እንደ ድሮው የሠራተኛ ስብሰባ። ለዚህ ጡረታ መውጣት አያስፈልግም ነበር።

እኛ ጠረጴዛዎቹን በመመለሻ መስመር ከፈልናቸው። የመገናኛ፣ የአያትና የየካ አባዶ ሰዎች በአንድ፤ የሜክሲኮና የጀሞ በአንድ፤ የሽሮ ሜዳና የጉለሌ በአንድ። ምክንያቱ የማያከራክር ስለሆነ ማንም አይቀየምም፤ «አብራችሁ ስለምትመለሱ ነው» ይባላል። በዚህ መንገድ ኢኮኖሚክስ ያስተማሩት ዶክተርና ካፍቴሪያ ውስጥ ወጥ ሲሠሩ የኖሩት እናት ጎን ለጎን ተቀመጡ። የካ አባዶ ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ አይተዋወቁም ነበር። አሁን ደም ግፊት የሚለካላቸው ጤና ጣቢያ አብረው ይሄዳሉ። ልቅሶ የሚደርሰው፣ የታመመ የሚጠይቀው፣ በቀጣዩ ወር የሚደውለውም ይኸው ጠረጴዛ ነው።

መጠሪያውም ይስተካከል። «ዶክተር» ለለመደው ዶክተር ይባል፤ በዚህ ዕድሜ ማዕረግ መንጠቅ ጭካኔ ነው። ሌላውም ግን ጋሼና እትዬ ይባል እንጂ በባዶ ስሙ አይጠራ።

ማዕዱ

የጾም በያይነቱ አቅርቡ፣ ቀኑ ፍስክ ቢሆንም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ድስት ይበላል፣ «ሥጋው በማን ታረደ» የለም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ጨውና በርበሬው ለዘብ ይበል። በየሰው ሳህን ይቅረብ፤ ከአንድ ትሪ መብላት ገና የሚከብዳቸው አሉ፣ እነሱን ማስገደድ አያስፈልግም። ጉርሻ የሚወድ ጎረቤቱን አጉርሶ እንደሆነ እሱን ማንም አይከለክለውም። በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ለሚጾሙት ድርሻቸው በምግብ ዕቃ ታሽጎ ይሰጣቸው። በረመዳን ማዕዱን ትታችሁ አጭር ጨዋታ ብቻ አድርጉ።

ለቡና ቁርስ ዳቦ ቆሎና ጥሬ ቆሎ አታቅርቡ፤ የሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረገ ሰው እያየ ይውላል። ፈንዲሻም ያው ነው። ለስላሳ አምባሻ ወይም ድፎ ዳቦ ይሻላል። አንዱ ኮሚቴ «ንፍሮ ለስላሳ ነው» ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ለስላሳስ ለስላሳ ነው፤ አዳራሹን ግን ልቅሶ ቤት ያደርገዋል። ስኳሩ ለብቻው ይቅረብ። ቡናው እስከ በረካ ይፈላ፤ ሦስተኛው ስኒ ላይ ነው ሰው ቁም ነገሩን የሚያወራው።

መክፈያው በር ላይ የተቀመጠ ሣጥን ነው፤ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ያህል፣ ስም ሳይጻፍበት። በቴሌብር የሚልክም ይላክ። ማን ስንት እንደሰጠ በአዳራሽ የሚነበብበት ልማድ ከእኛ ቤት ቀርቷል።

የሟቾች ስም

በመጀመሪያው ስብሰባ በእነዚያ ዓመታት ያረፉት ስም ይነበብ። መክፈቻው ላይ ይሁን፤ ወደ መጨረሻ ብታደርጉት ሰው ከፍቶት ይሄዳል። በፊደል ተራ፣ ከሀ እስከ ፐ፣ ማዕረግ ሳይጨመር፣ ቀስ ተብሎ። ሰው ይቁም፤ መቆም ያልቻለ ይቀመጥ። ከስሙ በኋላ ንግግር አይኑር፤ ወዲያው ቡና ይቀዳ።

እያንዳንዱን ስም ግን ከቤተሰብ አረጋግጡ፤ «ሞተዋል ሲባል ሰምቻለሁ» ማስረጃ አይደለም። በሌላ አንድ ማኅበር እንዲህ ሲነበብ፣ ሟች ተብለው የተጠሩት ሰውዬ ከኋላ ወንበር «አቤት!» አሉ ተብሏል። ሰውየው ተማሪዎች ፊት ስም ሲጠሩ የኖሩ መምህር ስለሆኑ ቀልዱን ወደዱት ይባላል፤ ሁሉም ግን እንደሳቸው አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራም አትደርድሩ። የኮሚቴ ሪፖርት ካለ በወረቀት ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ዳማና ካርታ በአንድ ጥግ ይኑር፤ የድሮ ፎቶግራፍ ያለው ይዞ ይምጣ። አዳራሹ መንጫጫት ከጀመረ ሥራችሁ አልቋል፤ ድምፅ ማጉያውን አጥፉት።

በማግስቱ

እመጣለሁ ብሎ ለቀረው ሰው ዓርብ ጠዋት ይደወል። «ለምን ቀሩ?» አይባልም፤ «ወንበርዎን ይዘንልዎት ነበር፤ እገሌም ጠይቀውዎታል» ይባላል። ደዋዩ ጠረጴዛው ነው እንጂ ኮሚቴው አይደለም። ደብተሩ ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ ከጸሐፊው ሌላው ከሒሳብ ያዡ ዘንድ፤ በየሦስት ወሩ ይመሳከሩ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትልቁን ስብሰባ አታድርጉ። ጎርፉ አለ፣ ፍልሰታም አለ። በእነዚህ ወራት እያንዳንዱ ጠረጴዛ በየሰፈሩ፣ በአንዱ አባል ቤት ቡና ይጠጣ፤ የየካ አባዶዎቹ እንደውም ከስድስት ኪሎው ይልቅ ይሄኛውን ወድደዋል። ትልቁ ስብሰባ ከመስቀል በኋላ፣ በጥቅምት ሁለተኛው ሐሙስ ይቀጥላል። አዳራሹን ለዚያ ቀን በሰኔ ያዙት፤ መስከረም ላይ ለሠርግ የሚያስይዙት ይቀድሟችኋል።